ገለባው ወደ ላይ የሄደበት ቀን

በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ጋሽ ቱፋ፣ የሱሉልታ ሰው፣ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ እኔን ሥራ ያስተማሩኝ። ስምዖን፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ፣ ገመድ ጎታች፣ ብዙ የማይናገር። ጴጥሮስ፣ የስምዖን ታናሽ ወንድም፣ ከሁላችን ቀጭኑ፤ ስለዚህ ጠባብ ቦታ ሁልጊዜ የእሱ ድርሻ ነበር። አባታቸው አቶ ሻንካ። ጓድ ታምራት፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር። ልጄ ሰላም፣ ያን ጊዜ ገና ያልተወለደች። እና እኔ፣ በላቸው። ዛሬ በሕይወት ያለነው ሰላም፣ ስምዖንና እኔ ብቻ ነን።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሞላኝ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት በመኪና ተጭኖ በሚመጣ መቆፈሪያ ነበር። መሣሪያው ሲጮህ እኛ ዳር ቆመን እናያለን፤ ማንም ወደ መሬት ውስጥ አይወርድም። ጥሩ ነው። ልጆቼ ግን አባታቸው ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር አያውቁም፤ ሲጠይቁኝም በቁጣ እመልሳቸው ነበር። አሁን በጽሑፍ ልመልስ።

ትምህርት ቤት ብዙ አልገባሁም። ፊደል የለየሁት የተከራየንበት ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከእንጦጦ ሥር ካባ ውስጥ፣ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ነበር። አለቃችን ሁሉን ነገር አውቃለሁ የሚል ሰው ነበር። «ይህ ቋጥኝ አይንቀሳቀስም፣ እርግጠኛ ነኝ» ይላል፤ ቋጥኙ ይንቀሳቀሳል። «ዛሬ አይዘንብም፣ እርግጠኛ ነኝ» ይላል፤ በስብሰን ወደ ቤት እንገባለን። አንድ ቀን እርግጠኛ በሆነበት ድንጋይ የአንድ ሠራተኛ እግር ተሰበረ። በማግስቱ ያንኑ ቃል እንደገና ሲናገር ሰማሁትና ዶማዬን አስረክቤ ወጣሁ። ጋሽ ቱፋን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ክፍያው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነበር፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ጋሽ ቱፋ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ አያዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና የሚወርደውን ሰው ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡታል።

«የምታውቀውን ንገረኝ» ይሉታል።

«ትናንት ኩራዙ ታች ድረስ ነዷል።»

«ትናንት አልፏል። ዛሬስ?»

«የዛሬውን አላውቅም።»

«እሺ። ሌላስ የማታውቀው?»

እንዲህ እያሉ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለየብቻ ያስደረድሩታል። በመካከል «እርግጠኛ ነኝ» ካመለጠው በቃ፣ ያን ቀን አይወርድም። ቁጣ የለም፣ ክርክር የለም፤ ከላይ ሆኖ ገመድ ይጎትታል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ከላይ ቀርቻለሁ።

ከዚያ ተነሥተው ጉንጫቸውን ወደ ጉድጓዱ አፍ ያስጠጋሉ። ከኪሳቸው የስንዴ ገለባ ቆንጥረው ይለቃሉ። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ገለባው አንድ ሰው ከታች ሆኖ በአፉ እንደሚስበው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ።

«ጉድጓድ ይተነፍሳል» አሉኝ። «ወደ ውስጥ ሲስብ ንጹሑን አየር ነው የሚወስደው። ሲያወጣ ግን ከዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ የታመቀውን ነው። ያ አየር አይሸትም፣ አይታይም። ሰው እንቅልፍ የያዘው ይመስለዋል።»

ሰማይ ሊለወጥ ሲል የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ፣ ያን ጊዜ የመሬቱ አየር እንደሚወጣ በኋላ ከሰላም የትምህርት መጽሐፍ አነበብኩ። ያን ጊዜ የነበረን ገለባ ብቻ ነው። ከገለባው በኋላ ኩራዝ ለኩሰን በገመድ እናወርዳለን። ጠፍቶ ከተመለሰ ሥራ የለም። እየነደደ ከተመለሰ አንዱ የነፍስ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ይወርዳል። ገመዱ ሁለት ጊዜ ከተሳበ ጎትቱኝ ማለት ነው፤ ከላይ ስንስበው ደግሞ ውጣ ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ ቁሙ ማለት ነው። ሌላ ምልክት አልነበረንም።

ከመውረዱ በፊት የመጨረሻ ሥርዓት ነበረን። ሁላችንም ገመዱን በእጃችን ይዘን እንምላለን፤ ታች ያለው ሰው ዝም ካለ፣ ኩራዝ ወርዶ እየነደደ ሳይመለስ ማንም አይከተለውም። ጋሽ ቱፋ በወጣትነታቸው በአንድ ጉድጓድ የአንድ ቤት ሦስት ሰዎች ተከታትለው ሲቀሩ አይተዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ሊያወጣ ነበር የወረደው።

«በዚያ ሰዓት ጭንቅላታችሁ የእናንተ አይሆንም» ይሉን ነበር። «አሁን፣ ሆዳችሁ ጠግቦ፣ ፀሐይ እያያችሁ ወስኑ። ያን ጊዜ የምትፈጽሙት ዛሬ የወሰናችሁትን ብቻ ነው።»

ልጆቼ፣ ይህን አስተውሉ። ሰው ሁሉ ጨለማ ሲመጣ እወስናለሁ እያለ ብርሃኑን ሰዓት በወሬ ይጨርሳል።

ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ካለው ተዳፋት ላይ ጉድጓድ እንድንቆፍር የታዘዝነው በነሐሴ ነው። ጓድ ታምራት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስጠራን። ወጣት ነበር፤ ሲናገር በእርሳስ ጠረጴዛውን ይመታል።

«የአብዮት በዓል ዕለት ሕዝቡ ከዚህ ጉድጓድ ይጠጣል» አለ።

«በክረምት ጉድጓድ አይቆፈርም፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ቱፋ።

«ጌታ የሚባል ቀርቷል፣ አባባ። ጓድ በል።»

«እሺ፣ ጓድ። በክረምት ጉድጓድ አይቆፈርም።»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቁን ዋጠ። ጓድ ታምራት ግን ፈገግ አለ።

«ምክንያቱ?»

«አሁን የሚገኘው ውሃ የዝናቡ ይሁን የመሬቱ፣ በጋ ሳይመጣ አይለይም። ደግሞ ሰማዩ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ሰማዩ ሲለወጥ የጉድጓዱም አየር ይለወጣል።»

«ሰማዩን ለእኛ ተወው፤ አንተ መሬቱን ቆፍር። ያ ጎረቤት ቀበሌ የነበረው ግንበኛም እንዳንተ ምክንያት ያበዛ ነበር።»

ግንበኛው ለምርመራ ተወስዶ አልተመለሰም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ጋሽ ቱፋ ከፊት ከፊታችን ሄዱ። ከዚያ መንገድ ዳር ቆመው ለእኛም እንደሚወርድ ሰው ነገሩን ደረደሩልን።

«እምቢ ብንል የሚሆነውን አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። ብንቆፍር የሚሆነውን አላውቅም። የማላውቀውን በገለባና በኩራዝ እጠብቀዋለሁ። እነሱን ግን በምን እጠብቃቸዋለሁ?»

«ስለዚህ እንቆፍራለን?» አለ ስምዖን።

«እንቆፍራለን። ግን አንዲት ሥርዓት አትጎድልም።»

«እኔ ከመሬት በታች ይሻለኛል» አለ ጴጥሮስ። «እዚያ ስብሰባ የለም።»

ጴጥሮስ እንዲህ ነበር። የእሱና የስምዖን ቤተሰብ የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ነበር፤ መዝሙር ጮክ ብሎ መዘመር ያስጠይቃል። ጴጥሮስ ታች ሲደርስ ይዘምራል። ዶማው በመካከል እየመታ፣ ድምፁ ከመሬት ይወጣል። ከላይ ላለ ሰው ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚሰማው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ያዩ ነበር። አንድ ቀን የማገዶ ሸክም የያዙ አሮጊት አጠገቤ መጥተው፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰው ተቀብሯል እንዴ?» አሉኝ።

«ሕያው ነው፣ እማማ። ውሃ እየፈለገ ነው» አልኳቸው።

አማተቡና ሄዱ። በማግስቱ በሌላ መንገድ ሲያልፉ አየኋቸው።

ቀይ አፈሩን ጨርሰን፣ ዓለቱን በመሮና በመዶሻ ሰብረን አለፍን። ጉድጓዱ የስድስት ሰው ቁመት ያህል ጠልቋል። በዓሉ እየቀረበ ሲሄድ ጓድ ታምራት በየቀኑ ይመጣና አፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች «ደረሳችሁ?» ይላል። ጴጥሮስም ከታች «የት?» ብሎ ይመልሳል። ሊቀ መንበሩ ይህን አልወደደውም።

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ ቱፋ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠሩ። መቅረት አይቻልም። «አፉ ላይ አንተ ነህ» አሉኝ፤ ገለባውን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

ሁሉን አደረግን። ገለባው ወደ ውስጥ ገባ። ኩራዙ እየነደደ ተመለሰ። ጴጥሮስን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«የምታውቀው?»

«ትናንት አሸዋው ረጥቧል። ኩራዙ አሁን ነዷል።»

«የማታውቀው?»

«ውሃው ስንት ክንድ እንደቀረው። ሰማዩ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚታገሥ። ምሳ ምን እንደሆነ።»

«ሽሮ ነው» አለ ስምዖን። «ሌላ መቼ ነበረ?»

ሦስታችንም ገመዱን ይዘን ማልን። ስምዖንም ምሏል። ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ከምሳ በፊት እንጦጦ ጠፋ። ደመናው በባሕር ዛፉ መካከል እየተሳበ ወደ እኛ ወረደ፤ ወፎቹ ዝም አሉ። ጉንጬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ፤ የመጣው ከጉድጓዱ ነበር። ገለባ ቆንጥሬ አፉ ላይ ለቀቅሁ። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ዞር ዞር እያለ ወደ ፊቴ ወጣ።

ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳብኩ።

«ትንሽ ቆዩ!» አለ ጴጥሮስ ከታች። «እግሬ ረጠበ! ውሃ ነው!»

«ውጣ!»

«ውሃ ነው እኮ የምልህ!»

«ጴጥሮስ፣ ውጣ ተብለሃል!» ብሎ ጮኸ ስምዖን።

መልስ አልመጣም፤ መዝሙሩ ግን ቀጠለ። ከቀድሞው ዝግ ያለ፣ ልጅ ለማስተኛት የሚያንጎራጉር ሰው ዓይነት ዜማ ነበር። ከዚያ በመካከሉ ተቆረጠ። ቃሉን ሳይጨርስ።

ልንጎትት ስንዘጋጅ ገመዱ ከታች ሁለት ጊዜ ተሳበ። ሁለታችንም መዘውሩን ይዘን በሙሉ ኃይላችን ጎተትን፤ ኃይላችን ባዶ ላይ አረፈ። ገመዱ እየቀለለ ወጣ። ጫፉ አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም። ወገቡ ላይ የነበረው ቋጠሮ ተፈትቷል፤ በጥንቃቄ፣ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ መቀነቱን እንደሚፈታው ተፈትቷል።

ኩራዙን ለኩሼ አወረድኩ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጠፋ። አውጥቼ ለኩሼ እንደገና አወረድኩ። እዚያው ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው እፍ እንዳለው፣ ጠፋ።

ስምዖን ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አይሆንም» አልኩት።

«ገመዱን ስቧል! በሕይወት አለ!»

«ኩራዙ ጠፍቷል፣ ስምዖን።»

«ወንድሜ ነው ታች ያለው፣ ኩራዝ አይደለም!»

«ምለሃል።»

«አንተም ወንድም ቢኖርህ ይገባህ ነበር!»

ወደ አፉ ሲሮጥ እግሩን ያዝኩት፤ ከበላዩ ወደቅኩበት። እሱ ከእኔ ይበረታል፤ ግን ያለቅስ ስለነበር ጉልበቱ ተከፋፍሎ ነበር። ፊታችን ከጉድጓዱ አፍ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። የጉድጓዱ ትንፋሽ አንገታችን ላይ ይመጣል። በአፉ ዳር ለዝናብ መከለያ ያቆምነው ቆርቆሮ ነበር፤ ከዚያ በኩል የሆነ ማንጎራጎር ተሰማ።

ስምዖን መታገሉን ተወ። «እየዘመረ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ስማ። እየዘመረ ነው።»

ሰማሁ። ዝቅ ያለ፣ የሚነሣና የሚወድቅ ድምፅ ነበር።

«የቆርቆሮው ነው፤ አየሩ በጠርዙ ሲያልፍ ነው» አልኩት። «እርግጠኛ ነኝ።»

እርግጠኛ አልነበርኩም። እስከ ዛሬም አይደለሁም።

ከዚያ ያደረግነው አየሩን ማባረር ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስረን በገመድ ወደ ታች እየለቀቅን ወደ ላይ እየሳብን አየሩን በጠበጥነው፤ በበርሜል ያለውን ውሃ በባልዲ ወደ ጉድጓዱ አፈሰስን። ስምዖን እንደ ማሽን ሠራ፤ አንድ ጊዜም ፊቴን አላየም። ዝናቡ መጥቶ ጣለብን። ዝናቡ ካባራ በኋላ ገለባው ወደ ውስጥ ገባ። ኩራዙ ታች ደርሶ እየነደደ ተመለሰ። የወረድኩት እኔ ነኝ።

ጴጥሮስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ ነበር፤ ዓይኑ ተከድኗል። ላስቲክ ጫማዎቹን አውልቆ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ ባዶ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሯል። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ገመዱን ለምን እንደፈታ፣ ጫማውን ለምን እንዳወለቀ፣ ገመዱ ከተሳበ በኋላ ምን ያህል እንደቆየ የሚያውቅ የለም። የክፉው አየር እንቅልፍ ይሆናል። ስምዖን ቢወርድ ኖሮ ወንድሙን ያወጣው ነበር ወይስ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር፣ ይህንንም የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ቱፋ ከስብሰባው ሲመለሱ ሬሳውን በአቶ ሻንካ ጋቢ ሸፍነነው አገኙን። ጋቢውን አቶ ሻንካ ለጴጥሮስ ሠርግ ጀምረውት ነበር፤ ከሸማ ዕቃው ላይ ሳያልቅ ቆርጠው አወረዱት። ጋሽ ቱፋ በዝናብ እርጥበት ቆመው፣ አልቅሰው ከጨረሱ በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ከመወሰንህ በፊት የምታውቀውን ብቻ ንገረኝ። በኋላ ያየኸውን አትጨምር።»

ነገርኳቸው።

«ልክ ወስነሃል» አሉ። «ልጁ ሞቷል። ሁለቱን አታስተሳስራቸው፤ ከተሳሰሩ ሁለተኛ መወሰን አትችልም።»

ስምዖን ከቆርቆሮው አጠገብ ሆኖ ይህን ሰማ። «እሱ ልክ ይሁን፤ እኔ ወንድም የለኝም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገረኝም።

በበዓሉ ዕለት ጓድ ታምራት ከጉድጓዱ በኩባያ ቀድቶ ሕዝቡ ፊት ጠጣ፤ ተጨበጨበ። እኛ አልሄድንም። ውሃው የዝናቡ ነበር፤ የገና በዓል ሳይደርስ ደረቀ። ሴቶቹ ግን ከመድረቁም በፊት ሌላ ቦታ መቅዳት ጀምረው ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉድጓዱ ይዘምራል ይሉ ነበር። ቀበሌው ወሬውን የፀረ አብዮተኞች ነው ብሎ ከለከለ፤ ቆርቆሮውንም አስነሣ። ቆርቆሮው ከተነሣ በኋላም ይዘምራል አሉ። በመጨረሻ በሲሚንቶ ተደፈነ።

ሰላም አድጋ፣ ሰው ነገሩን ሳያውቅ እንዴት እንደሚመርጥ የሚያጠና ትምህርት ተማረች፤ ዛሬ ታስተምረዋለች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምታስተምርበትን መጽሐፍ አብረን ማንበብ ጀመርን። ስለ ጉድጓዱ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። እስክሪብቶ አነሣች።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ ጴጥሮስ በሕይወት የነበረ ይመስልህ የነበረው ከመቶ ስንት ነው? ስምዖን ቢወርድ የሚመለሰውስ?»

ለሁሉም ቁጥር ሰጠሁ። አባዝታ ደመረች። ስምዖንን መያዝ ይሻል ነበር የሚል ወጣ። ቁጥሮቹን ለስምዖን አመቻችተን እንደገና ሠራችው፤ ያው ወጣ።

«መጽሐፍሽ ምሳሌ ላይ ግን ሰውየው ከተዘጉ ሳጥኖች አንዱን ከመረጠ በኋላ ከፍቶ ያያል» አልኳት። «የእኛ ሳጥን አልተከፈተም።»

«እሱ ምዕራፍ ሰባት ላይ አለ። ገና አልደረስክም።»

ደርሼ አነበብኩት። ምርጫ የሚመዘነው ሲመረጥ በታወቀው እንጂ በኋላ በሆነው አይደለም ይላል። እውነት ነው የሚለው፤ የተማረ ሰው ጽፎታል። እንቅልፍ ግን አይሰጥም፤ ልጄ ሰላምም ይሰጣል አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ታች የነበረው ወንድምህ ቢሆንስ?»

«ቁጥሩ አይለወጥም» አልኳት።

«እጅህስ?»

ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት አጥፌ መለስኩላት።

ስምዖን ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በሬን አንኳኳ። ሸብቷል፤ የአባቱን ሥራ ይዞ ኖሯል። እንጦጦ ላይ ደመና ነበር። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«የምታውቀውን ንገረኝ» አለኝ።

እንደ ጋሽ ቱፋ ሥርዓት ደረደርኩለት። «ገለባው ወደ ላይ ወጣ። ውጣ አልነው፤ አልወጣም። መዝሙሩ ተቆረጠ። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ተፈትቶ ወጣ። ኩራዙ ሁለት ጊዜ ጠፋ።»

«ሦስት ጊዜ ነው የተሳበው።»

«ሁለት ነው፣ ስምዖን።»

«በላቸው፣ ገመዱ በእኔ እጅ ነበር። ሁለት ሳበ፤ ትንሽ ቆየና ሦስተኛ ሳበ። አንተ ያን ጊዜ ወደ መዘውሩ ዞረህ ነበር።»

ሦስት ትርጉም አልነበረውም። እንዲህ ያለ ምልክት አልተስማማንም።

«ታዲያ ሦስተኛው ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ድረስልኝ ነው? ወይስ አትምጣ ነው?»

«የማላውቀውን ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

«እሱን ነው።»

ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። እስኪዘንብ፣ ዘንቦም እስኪያባራ አብረን ተቀመጥን።

እንግዲህ ድምሩ ይህ ነው። ጴጥሮስ ሕይወቱን ከፈለ። አቶ ሻንካ ልጃቸውን፣ ከልጃቸውም በኋላ እጃቸውን፤ ያን ጋቢ ቆርጠው ካወረዱ ወዲህ የሽመና መወርወሪያ አልያዙም። ጋሽ ቱፋ ሥራቸውን፤ ወደ ሱሉልታ ተመለሱ፣ ሌላ ጉድጓድም አልወረዱም። ጓድ ታምራት እንኳ አልቀረለትም፤ እሱም በዚያው መንግሥት እጅ ተወሰደና አልተመለሰም፤ አልተደሰትኩም። እኔ ጓደኛዬን፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውንም ሰዓት ሁሉ። በምትኩ ያገኘነው ገናን ያላየ ውሃ ነው።

ስምዖን ልጆች፣ የልጅ ልጆችም አሉት። ይህን ስጽፍ እሱን ካተረፍነው ጋር ልጽፈው አሰብኩና ጠየቅሁት።

«ከከፈላችሁት ጋር ጻፈኝ» አለኝ።

እንዳለው ጽፌዋለሁ።